ሰኞ እንወርዳለን

ሰኔ 27፣ ረቡዕ። ከቀኑ 6፡30

የስድስት ሰዓቱን ኪኒን በመዳፌ ይዤ፣ ውሃ ቀድቼ፣ የእማዬ ክፍል በር ላይ ስደርስ ነቃሁ። አልጋው እንደተነጠፈ ነው። ከሞተች አምስት ወር ሊሞላ ነው፤ እግሬ ግን ገና መርዶ አልተረዳም። ሦስት ዓመት ሙሉ ጠዋት 12፣ ቀን 6፣ ማታ 12። ሰዓት እየቆጠሩ መኖር እንዲህ በቀላሉ አይለቅም። ኪኒኑን መልሼ ብልቃጡ ውስጥ ከተትኩት። መጣል አልቻልኩም።

የተማሪ ካርድ ሞልቼ ጨረስኩ። ት/ቤቱ ዛሬ ተዘጋ። ከት/ቤት እስከ ባህል አዳራሽ በእግሬ ሄድኩ፣ ከዚያ ፒያሳ፣ ከዚያ ቤት። ሀዋሳ ከተማ ለሚሌኒየሙ ቀለም እየተቀባ ነው። ሰው ሁሉ የሚቸኩልበት አለው። እኔ ብቻ የሚጠብቀኝ የለም።

አብሮኝ የሚያስተምረው ሳሙኤል አንድ ነገር ነገረኝ። የተወለደበት መንደር ያሉ ሴቶች አማርኛ የሚያስተምራቸው ይፈልጋሉ። ሀዋሳ ገበያና ሆስፒታል ሲወርዱ አፋቸው ይታሰራል። ክረምቱን በበጎ ፈቃድ፣ ማረፊያ እናቱ ቤት። እሱ ራሱ ለክረምት ትምህርት ዲላ ስለሚሄድ አይኖርም። እሺ አልኩት። ተባረኪ አለኝ።

ላንቺ አልዋሽም፣ ደብተሬ። ለጽድቅ አይደለም። ከዚህ ቤት ለመውጣት ነው።

ሐምሌ 3፣ ማክሰኞ። ከሰዓት

ደረስኩ። አይሱዙ እስከ ገበያው፣ ከዚያ ሁለት ሰዓት ተኩል በእግር። ጭቃ። ሁለት ጊዜ ወደቅሁ። አንድ ወንዝ አለ፤ ከቁርጭምጭሚት ትንሽ ያልፋል።

የሳሙኤል እናት እማማ አስቴር ይባላሉ። አማርኛቸው ጥቂት ነው፤ አንተና አንቺን ይቀላቅላሉ። ቁጭ በል አሉኝ። ተቀመጥኩ። ጫማዬን ራሳቸው አወለቁልኝ፤ እምቢ ብል አልሰሙኝም። እናንተ ቤት የሚንከባከብሽ ማነው ዓይነት ነገር ጠየቁኝ። ማንም የለም አልኩ።

ሀዋሳ ተወልጄ ሠላሳ ሁለት ዓመት ኖሬ በሲዳምኛ የማውቀው ሰላምታ ብቻ ነው። ዛሬ አፈርኩ።

ሐምሌ 11፣ ረቡዕ

ለ3 ሰዓት ቀጥሬ በ5 ሰዓት መጡ። ሁለት ሰዓት ባዶ የጸሎት ቤት ውስጥ ቾክ ይዤ ቆምኩ። ተቆጣሁ። እማማ አስቴርን ለምን አልኳቸው። መንገድ ላይ ሐዘን ያለበት ቤት ነበረ፣ ገብተው ተቀመጡ አሉኝ። ታዲያ ቢያልፉት? ምን ማለቴ እንደሆነ አልገባቸውም። ሐዘን ያለበትን ቤት ማለፍ የሚባል ነገር የለም።

እማዬ የሞተች ሰሞን ሰው እንዴት እንደሚመጣ ትዝ አለኝ። በር ላይ ቆሞ፣ ሰዓቱን አይቶ፣ እግዜር ያጥናሽ ብሎ፣ ሮጦ።

አሥራ አንድ ሴቶች ናቸው። ከሁሉም ፈጣኗ ታደለች፣ የሳሙኤል ወንድም የዳንጊሶ ሚስት። እዚሁ ግቢ ነው የሚኖሩት። ነፍሰ ጡር ናት። እኔ ሲዳምኛ ስሞክር ሆዷን ይዛ ትስቃለች። የመጀመሪያ ልጇ ሀዋሳ ሆስፒታል ሲወለድ ሞቶባታል። ያኔ የሚያማትን ቦታ መናገር አልቻለችም፤ ነጭ የለበሰ ባለፈ ቁጥር እጇን ትዘረጋ ነበር። አማርኛ የምትማረው ለዚህ ነው። ዛሬ መጀመሪያ የጠየቀችኝ ዓረፍተ ነገር፦ «እዚህ ጋ ያመኛል።» ሃያ ጊዜ አስደገመችኝ።

ሐምሌ 20፣ ዓርብ። ጠዋት

እየተለወጥኩ ነው መሰለኝ። ሰዓቴን ቦርሳ ውስጥ ከተትኩት።

ትናንት እንሰት ሲፋቅ ዋልኩ። ተክሉ ለዚህ እስኪደርስ አምስት ስድስት ዓመት፤ ተፍቆ ደግሞ ጉድጓድ ውስጥ ወራት ይቀበራል። እማማ አስቴር አንዱን ጉድጓድ እያሳዩኝ ይሄ የሚበላው ልጁ ሲወለድ ነው አሉ፤ የታደለችን ልጅ ማለታቸው ነው። ማንም ሄዶ ከፍቶ አያይም። ይደርሳል፣ በቃ።

ዝናብ ሲመጣ ሰው ካለበት ቤት ይቆያል። እስኪያባራ ይወራል፣ ወሬ ሲያልቅ ዝም ይባላል። ዝም ሲባል ማንም አይጨነቅም። ዝምታ እንዲህ እንደ ወንበር የሚቀመጡበት መሆኑን አላውቅም ነበር።

ዘጠኝ ሰዓት ያህል ተኛሁ። የ12 ሰዓቱን መድኃኒት አላሰብኩትም። ስነሣ፣ ስላላሰብኩት አለቀስኩ።

ሐምሌ 28፣ ቅዳሜ

ታደለች ከጤና ጣቢያ የተሰጣትን ካርድ አመጣች። በአማርኛ ነው፤ አነበብኩላት። ዳሌዋ ጠባብ ነው፣ ቀኗ ሳይደርስ ሆስፒታል ትሂድ ይላል። ነሐሴ መጀመሪያ ላይ። አንዱንም ቃል ሳላስቀር ነገርኳት፤ ለዳንጊሶም፣ ለእማማ አስቴርም።

ከሰዓት ቀበሌው ያለው ስልክ ጋ ተጠራሁ። ወንድሜ ግርማ ነው፣ ከናዝሬት። ነሐሴ 6 እሑድ የእማዬ መንፈቅ ነው። ቄሱን አነጋግሯል። ዓርብ ሀዋሳ ግቢ፣ ቤቱን አሰናጂ አለኝ። እሺ አልኩ።

ጥሩ አጋጣሚ ተባለ። ዓርብ ስወርድ ታደለችን ይዣት እወርዳለሁ፣ እኔ ቤት ትቆያለች፣ ከዚያ ሆስፒታል። ልብሷን ከአሁኑ በፌስታል አሰረች።

ነሐሴ 4፣ ዓርብ። ጠዋት

ስነሣ እግሬ ከበደኝ። ቤቱ ታየኝ። አልጋው፣ ብልቃጡ፣ ድንኳን፣ ወንበር፣ ጎረቤት፤ እንደገና ከመጀመሪያው። ጾሙ ደግሞ ገብቷል፤ እማማ አስቴር ለብቻዬ ጎመን ያለ ቅቤ ይሠሩልኛል። ማን እንዲህ አስቦልኝ ያውቃል?

መንገዱ ጭቃ ነው፣ ሰኞ የገበያ ቀን ስለሆነ አይሱዙ እስከ ወንዙ ማዶ ይመጣል፣ ሰኞ እንወርዳለን አልኩ። ታደለች አየችኝ። ፌስታሉን ይዛ ነበር። እማማ አስቴር፣ «እሺ፣ ቀስ ይሻላል፣ ሰኞ» አሉ። ታደለችም ገባች።

ለግርማ አልደወልኩም። ቀበሌ ድረስ መሄድ ነበረብኝ። ልጻፈው፤ ደስ አለኝ። ደረቴ ቀለል አለኝ።

ነሐሴ 5፣ ቅዳሜ

ማንም የትም አልሄደም። ቀኑን ሙሉ ዘነበ። በቆሎ ተጠበሰ። ታደለች የሀዋሳን ሰፈሮች ስም ጠየቀችኝ፣ አንድ በአንድ ነገርኳት። እንዲህ ያለ ቀን በሕይወቴ አላስታውስም።

ነሐሴ 8፣ ማክሰኞ። ሀዋሳ፣ ሆስፒታል ግቢ። 4 ሰዓት

እንደ ቅደም ተከተሉ ልጻፍ፣ አለበለዚያ አልችልም።

እሑድ ንጋት ላይ ምጥ ጀመራት። ያለ ቀኗ። እማማ አስቴር ሴቶችን ጠሩ። እስከ ቀትር ጠበቁ። ከዚያ ዳንጊሶ ቃሬዛ አሰረ። ስምንት ወንዶች፣ በየተራ። እኔ ከኋላ፣ ፌስታሉን ይዤ።

ወንዙ ሞልቷል። ቁርጭምጭሚት ይደርስ የነበረው ደረት አልፏል። ቃሬዛውን ዳር ላይ አስቀመጡት። ውሃው እስኪጎድል ተቀመጥን። ሰዎቹ ዝም አሉ። ያ የወደድኩት ዝምታ። እኔ ግን ተነሥቼ ውሃውን፣ ተነሥቼ ሰማዩን። አንዱ ሽማግሌ ቁጭ በይ በሚል እጁን አሳየኝ። ውሃ በጩኸት አይጎድልም፤ እሱ ያውቃል። ሲመሽ ጎደለ። ገበያው ስንደርስ መኪና የለም። አንድ ሰው ቤት አደርን። ታደለች እጄን ይዛ ነበር። አልጮኸችም።

ሰኞ ጠዋት አይሱዙ መጣ። ሰኞ። ልክ እንዳልኩት ሰኞ ወረድን።

ሆስፒታል ስንደርስ 5 ሰዓት ሆኗል። ነርሷ ጎንበስ ስትልላት ታደለች ራሷ ተናገረች፤ እኔን አልጠበቀችም። «እዚህ ጋ ያመኛል። ከትናንት ጀምሮ። አሁን መንቀሳቀስ ትቷል።» ጥርት ያለ አማርኛ። ነርሷ ወዲያው ገባት፣ ሮጠች፣ ሁሉም ሮጡ። ማንም አላንጓጠጣትም፣ ማንም ዝም ብሎ አላለፋትም።

ሕፃኑ ግን ቀደም ብሎ ሞቷል። ወንድ። ማሕፀኗ ተተርትሯል፤ አወጡት። እሷ ተርፋለች። ከእንግዲህ አትወልድም።

ሐኪሙ ወጣት ነው። ዓይኑ ቀልቷል። ካርዱን አይቶ፣ ምጥ ሳይጀምራት ብትመጣ በቀላሉ በቀዶ ጥገና እናወጣው ነበር አለኝ። አልወቀሰኝም። ቅዳሜስ ብትመጣ አልኩት። ቅዳሜ ይበቃ ነበር አለ።

ዳንጊሶ ሕፃኑን በጋቢ ጠቅልሎ ትናንት ወደ መንደሩ ይዞት ሄደ። ለብቻው። አብሬው ልሂድ አላልኩም።

ነሐሴ 12፣ ቅዳሜ። 9 ሰዓት

ልብስ ልለውጥ ቤት ገባሁ። ጠረጴዛው ላይ የግርማ ጽሑፍ። «ቄሱ እህትህ የት አለች አሉኝ። ታማለች አልኩ።» ሌላ ቃል የለውም። ወንበሮቹን ሁሉ አጥቦ በየቦታቸው መልሷል።

ለእናቴም መንፈቅ አልተገኘሁ፣ ታደለችንም አላወረድኳት። በአንድ ዓርብ።

አስቤ አስቤ የደረስኩበት ይኸው ነው፣ ደብተሬ፦ የመንደሩን ዝግታ ልከስ ሞከርኩ። አልሆነም። እነሱ ቀስ የሚሉት ቀስ በሚባልበት ነገር ነው። እንሰት፣ ለቅሶ፣ ዝናብ። ለታደለችማ ፌስታሏ ከሳምንት በፊት ታስሮ ነበር። ቀስ እንበል ያልኩት እኔ ነኝ። ከእነሱ ዕርጋታ ቆርጬ ወስጄ ፍርሃቴን አለበስኩት። እነሱም የራሳቸው ልብስ ስለሆነ አመኑኝ።

ጥሩ ሰው የሆንኩ መስሎኝ ነበር። ዐረፍኩ፣ ተፈወስኩ ብዬ ነበር። ያረፍኩት በሰው ልጅ ላይ ነው።

ነሐሴ 17፣ ሐሙስ። ጠዋት

ትናንት ከሆስፒታል ወጣች። ቁስሉ እስኪታይ አሥር ቀን ከተማ ትቆይ ብለዋል። ሌላ ቦታ የላትም። የእማዬ አልጋ ላይ አስተኛኋት።

ወተቷ ገና አልደረቀም። ቀሚሷ ደረቱ ላይ ረጠበ። እሷ ወደ ታች ታያለች፣ ምን እንደሆነ ያልገባት ይመስል። ነጠላዬን ቀድጄ አሰርኩላት፤ ጠበቅ አድርጊ አለችኝ። አጠበቅኩ። ጠበቅ አለች። ከዚያ በላይ ከጠበቀ ትንፋሽ ያጥራታል። ጠበቅ።

ገንፎ ሠራሁ፣ ሁለት ማንኪያ። መድኃኒቷ በየስምንት ሰዓቱ ነው። ሰዓቴን ከቦርሳ አውጥቼ አሰርኩ። 12፣ 8፣ 4።

ነሐሴ 22፣ ማክሰኞ። 10 ሰዓት

ዛሬ ነገርኳት። በረንዳ ላይ ነበርን፣ ፀሐይ ወጣ ብላ። አምስት ቀን አፌ ላይ ነበር።

ዓርብ መውረድ እንችል ነበር አልኳት።

«አውቃለሁ» አለች።

መንገዱ አልነበረም፤ እኔ ነኝ፤ የእናቴን መንፈቅ ፈርቼ ነው፤ ወደዚህ ቤት መመለስ አልፈለግኩም አልኳት።

«አውቃለሁ። ዓርብ ዳንጊሶ እስከ ገበያው ሄዶ ተመልሷል። እግሩ ብዙ ጭቃ አልነበረውም።»

ታዲያ ለምን አልተናገርሽም? ይህን እኔ ጠየቅሁ። የመጠየቅ ድፍረት ነበረኝ።

ቃል እየፈለገች መስሎኝ ልረዳት ነበር። ቃል አልነበረም የምትፈልገው።

«አስተማሪ ነሽ» አለች። «ካርዱን ያነበብሽው አንቺ ነሽ። ከተማውን የምታውቂው አንቺ ነሽ። ሰኞ ስትይ፣ የምታውቂው ነገር አለ አልኩ።»

ከዚያ ተነሥታ ገባች። ቀስ ብላ፣ ግድግዳውን ይዛ። ተከትዬ ልደግፋት ሄድኩ፤ እጇን አሸሸች። ክፉ አልነበረችም። አሸሸች ብቻ።

ነሐሴ 23፣ ረቡዕ

አልተነጋገርንም። መድኃኒቷን ስሰጣት ትወስዳለች። አመሰግናለሁ ትላለች። ያስተማርኳት ቃል ነው። ባላስተማርኳት ይሻል ነበር።

ልጇን በሲዳምኛ በምን ስም ልትጠራው አስባ እንደነበር አላውቅም። አልጠየቅኳትም። አልጠይቅም።

ነሐሴ 27፣ እሑድ። ከሰዓት

እማማ አስቴርና ዳንጊሶ ሊወስዷት መጡ። እማማ አስቴር የከተማ ታክሲ ሲገቡ የመጀመሪያቸው ነው፤ ጉልበታቸውን ይዘው ወረዱ። ከበሩ ጀምረው አቀፉኝ። አልቻልኩም፣ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። እሳቸውም አብረውኝ ተቀመጡ፣ ሲሚንቶው ላይ።

እማማ፣ ጥፋቱ የኔ ነው አልኳቸው።

«እኔም ሰኞ አልኩ» አሉ። «ዳንጊሶም ሰኞ አለ። ሁላችን አልን።»

እናንተ እኔን አምናችሁ ነው አልኩ።

«አዎ» አሉ። አልካዱም። «አምነን ነው። አሁን ምን ታደርገዋለህ? ለልጁ ለቅሶ ትመጣ ነበር። አልመጣህም።» እንባዬን በመዳፋቸው ጠረጉት። ለመስከረም ነይ፣ ሴቶቹ ይጠብቃሉ፣ መንገዱን ለአንቺ ጠርገነዋል አሉኝ። ዳንጊሶ ጥግ ላይ ቆሞ ኮፍያውን ያዞራል። ሲወጣ ግን እጁን ሰጠኝ።

መናኸሪያ ሸኘኋቸው። እማማ አስቴር በመስኮቱ ነይ፣ ነይ ይላሉ፣ በአማርኛም በሲዳምኛም። ታደለች ገና አልተሳፈረችም፤ በሩ ላይ ወደ እኔ ዞረች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ አማቷ እንዳይገባቸው ፈጠን ባለ አማርኛ፦

«እሳቸው ነይ ይላሉ። ደግ ናቸው። አንቺ ግን አትምጪ። አንቺን ሳይ ወንዙን አያለሁ።»

እሺ አልኩ።

«በልብሽ አትቀየሚኝ» አለች። እሷ ናት ይህን ያለችው። ለእኔ።

ሄዱ።

ጳጉሜ 2፣ ዓርብ። 3 ሰዓት

ሳሙኤል ከዲላ ተመልሷል፤ ትናንት ፒያሳ አገኘሁት። የሰማው አለ፣ ያልሰማው አለ። «እናቴ በየቅዳሜው ቢሆን ትምጣ ብላለች፣ ሴቶቹ ደብተር ገዝተዋል» አለኝ። መብራት በየሱቁ ተንጠልጥሏል፤ አዲሱ ሺህ ዓመት አምስት ቀን ቀረው። አልችልም አልኩት። ለምን አለ። ከብዶኛል አልኩ። ሌላ ምን ልበል? የተናገረችው ለእኔ ብቻ ነው። እናቱ እንዲሰሙባት አልፈለገችም፤ እኔም አላሰማባትም።

ያ ቦታ ብቻ ነበር የሚያስተነፍሰኝ። ልጻፈው፣ ማንም አያየው። በሕይወቴ ዐርፌ የተቀመጥኩት እዚያ ነው። ዝናቡ፣ እዚያ ቤት መዋሉ፣ ሐዘን ቤት መቀመጡ። አሁንም ሳስበው ደስ ይለኛል፤ ደስ ስላለኝ ደግሞ ራሴን እጠላለሁ። ሁለቱም አይለቁኝም።

ግርማ ጋ ደወልኩ። አነሣ። ሁሉንም ነገርኩት፣ ከዓርቡ ጀምሬ። ስጨርስ አልጮኸብኝም። በሙት ዓመቷ ትኖሪያለሽ ወይ አለ ብቻ። እኖራለሁ አልኩት።

ለታደለች ደብዳቤ ጀምሬ ነበር። አማርኛ ማንበብ ችላለች። ሦስት መስመር ጽፌ ቀደድኩት። ይቅርታ መላክ መልስ መጠየቅ ነው። እሷ ለእኔ መልስ የምትጽፍበት ምክንያት የለም።

ስለዚህ ወሰንኩ። አልሄድም። በመስከረምም፣ በመጪው ክረምትም። እስክትጠራኝ አልሄድም፤ ካልጠራችኝም አልሄድም። እማማ አስቴር ቢቀየሙኝ ይቀየሙኝ፣ ስንፍና ነው ቢሉ ይበሉ። ልሰጣት የቀረኝ ነገር መቅረት ብቻ ነው፤ እሱን እንኳ በሰዓቱ ልስጣት።